አንጓች ጃርት ልጇን በቤቷ ያስተማረች ጊዜ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ጆሮ ያነሰው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ዕቃም ሲናገር ማንም በማይደነግጥበት ዘመን፣ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። በዚያ ደን ውስጥ አንጓች የምትባል ጃርት ትኖር ነበር። ባሏ ከደኑ ወጥቶ ገበሬ ማሳ ውስጥ ሲገባ ወጥመድ ያዘው፤ በዚያው ቀረ። አንጓች ሥር ቆፍራ የምታድር፣ ለማንም የማትጎነበስ ሴት ነበረች። የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟም ትርንጎ ይባላል።

ትርንጎ አምስት ክረምት ያየች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ጉንዳን ሲሰለፍ ታያለች፤ «እማዬ፣ ለምን ይሰለፋሉ?» ትላለች። ጭጋግ ሲወርድ ታያለች፤ «እማዬ፣ ጭጋግ የት ነው የሚያድረው?» ትላለች። አንጓችም የምታውቀውን ትመልሳለች፤ የማታውቀውን ደግሞ «እስቲ አብረን እንየው» ብላ ልጇን ይዛ ትወጣለች።

በደኑ መካከል አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር። በዝግባው ጥላ ሥር የደኑ ልጆች ይማራሉ። የሚያስተምረው ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛ ነጭ ካባ ለብሶ የተወለደ ነውና ሁሉም የኔታ ይለዋል። ልጆቹ ዱካ ማንበብ ይማራሉ፤ መቁጠር ይማራሉ፤ ድምፅ መለየት ይማራሉ። የዱር ፊደል ዱካ ነው። ዱካ ያላነበበ ልጅ የነብርን መንገድ የሚዳቋ መንገድ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንጓች ልጇን ይዛ ወደ ዝግባው ሄደች።

«የኔታ፣ ልጄን ላስመዘግብ ነው የመጣሁ» አለች።

ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ሳይወርድ፣ «ጠጠሩን ይዘሻል?» አለ።

«የምን ጠጠር?»

ከዝግባው ሥር ቀበሮ ተቀምጦ ነበር። ከፊቱ ሰባት ጠጠር ደርድሯል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም እንደ ጤዛ ያብለጨልጫሉ። «ይሄ ነዋ፣ እመት አንጓች» አለ ቀበሮ። «ባለ ሰባት ቀለም የመማሪያ ጠጠር። ከሩቅ ወንዝ ነው የማመጣው። ለአንዱ ጠጠር አንድ እንስራ ማር ነው። ልጅሽ ክረምቱን በዚህ ትለማመዳለች፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ እዚህ በዝግባው መግቢያ በር ላይ ትጠየቃለች፤ ከመለሰች ትገባለች።»

«ማር የለኝም» አለች አንጓች።

«እንግዲያ ጠጠር የለም» አለ ቀበሮ።

«ጠጠር ከሌለ ትምህርት የለም» አለ ጉሬዛ።

አንጓች ጠጠሮቹን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ጉሬዛን አየች። «ያለ ጠጠር ልጅ አይማርም ያለው ማን ነው፣ የኔታ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እንግዲያው እርስዎ ተሳስተዋል» አለች አንጓች። «ልጄ ትማራለች። አደይ ሲፈነዳ ይዣት እመጣለሁ። ትጠየቃለች፤ ትመልሳለች፤ ትገባለች።»

ቀበሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በምን ልታስተምሪያት ነው? በሰፌድሽ?»

አንጓች ትንሽ አሰበች። «ደግ ነገር አስታወስከኝ» አለችና ልጇን ይዛ ሄደች።

ቤቷ እንደገባች ሰፌዱን ከግድግዳ አወረደች። «ሰፌድ ሆይ፣ ልጄን አስተምርልኝ» አለችው።

«እኔ እህል ላበጥር እንጂ ልጅ ላስተምር አልተሰፋሁም» አለ ሰፌድ።

«አውቃለሁ። እኔም ሥር ልቆፍር እንጂ ላስተምር አልተወለድኩም። ሁለታችንም የማናውቀውን እንሥራ።»

ሰፌዱም፣ «በይ ሞክሪኝ» አለ።

አንጓች ከምድጃው አመድ አምጥታ ሰፌዱ ላይ ነሰነሰችው። ከጀርባዋ የወደቀ አንድ እሾህ አንስታ ለትርንጎ ሰጠቻት። ራሷም በሌላ እሾህ አመዱ ላይ ጫረች።

«ይሄ ሁለት ጥፍር ያለው የማን ዱካ ነው?»

«የሚዳቋ!»

«ይሄ ሦስት ጣቱን ወደ ፊት የዘረጋውስ?»

«የቆቅ ነው።»

«ይሄስ? ክብ ነው፤ መዳፉ ወፍራም ነው።»

«የጅብ» አለች ትርንጎ።

«ጥፍሩ የት አለ?»

ትርንጎ አፍንጫዋ አመድ እስኪነካ ጎንበስ ብላ አየች። ጥፍር የለም። «የነብር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ነብር ጥፍሩን ደብቆ ይሄዳል።»

«ስትስቺ ደግሞ እንዲህ ነው» አለ ሰፌዱና ራሱን ነቅነቅ አደረገ። የነብሩ ዱካ ጠፍቶ አመዱ እንደገና ለጥ ያለ ሜዳ ሆነ። «በእኔ ላይ የተሳሳተ አይገረፍም።»

ትርንጎ በዚህ ሳቀች። ያን ቀን ሆን ብላ አሥር ጊዜ ተሳሳተች፤ ሰፌዱ ሲነቃነቅ ለማየት።

በማግሥቱ አንጓች ወደ ሙቀጫው ሄደች። «ሙቀጫ ሆይ፣ ልጄን አስተምርልኝ።»

«እኔ ሆድ እንጂ ጭንቅላት የለኝም» አለ ሙቀጫ በወፍራም ድምፅ።

«ድምፅ ግን አለህ» አለች አንጓች። ዘነዘናውን ለልጇ አስጨበጠቻት። «ስም ጥሪና ምቺ፤ ስሙ ስንት ምት እንዳለው እንስማ።»

«ቀ፣ በ፣ ሮ» አለች ትርንጎ። ዱ፣ ዱ፣ ዱ። «ሦስት ነው። ጉ፣ ሬ፣ ዛ።» ዱ፣ ዱ፣ ዱ። «ይሄም ሦስት ነው። እማዬ፣ ጉሬዛና ቀበሮ እኩል ናቸው።»

«እኩልማ ናቸው» አለ ሙቀጫው፤ «ማሩንም እኩል ነው የሚካፈሉት።»

እናትና ልጅ እየተያዩ ሳቁ። ከዚያ በኋላ በ«ሙ» የሚጀምር ነገር ሁሉ ፈለጉ። ሙቀጫ፣ ሙዝ፣ ሙሽራ፣ ሙጫ። ትርንጎ «ሙንጡሌ» አለች። «ሙንጡሌ ምንድን ነው?» ስትባል «አላውቅም፤ ግን በሙ ይጀምራል» አለች። ሙቀጫው ይህንንም ተቀበላት።

በሦስተኛው ቀን አንጓች ባቄላ የሞላችውን ቅል ከጥግ አነሳች። ቅሏ ሳትለመን ተናገረች። «ሁለቱን ስታስቸግሪ ሰምቻለሁ፤ እኔን አትለምኚኝ። ባቄላዬን ዘርግፊው።»

ዘረገፈችው። ትርንጎ ትልቁን ከትንሹ ለየች፤ ደረቁን ከእሸቱ ለየች። ቅሏ «ስንት ይመስልሻል?» ትላለች፤ ትርንጎ ትገምታለች፤ ከዚያ ይቆጠራል። መጀመሪያ «መቶ» ብላ አሥራ አራት ሆነባት። ሲውል ሲያድር ግምቷ ወደ እውነቱ ቀረበ። አንጓች አምስት ባቄላ አስቀምጣ ሁለቱን በቅጠል ትሸፍናለች፤ «ስንት ሸሸግሁ?» ትላለች። ትርንጎ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልጣ ታይ ነበር። ኋላ ሳትገልጥ መለሰች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሳለ አንድ ቀን ቀበሮ በደጃቸው አለፈ። ጆሮውን አቆመ። ዱ፣ ዱ፣ ዱ ሲል ሰማ። ልጅ ስትቆጥር ሰማ። ሳቅ ሰማ። በተለይ ሳቁ አናደደው። ሮጦ ወደ ዝግባው ሄደ።

«የኔታ፣ ጃርቷ ቤቷን ጉባኤ ቤት አድርጋዋለች። ሌሎቹ እናቶች ይህን ከሰሙ ለጠጠሬ ማር ማን ያመጣልኛል? እኔ ካላገኘሁ ደግሞ እርስዎ ከየት ያገኛሉ?»

ጉሬዛ ካባውን አራገፈና ሕግ አወጣ። በደኑ ሁሉ አስነገረ። «ከዝግባው ጥላ ውጭ ማስተማር ክልክል ነው። የተማሩበት ዕቃ ይወረሳል። ‹እከሌ ነው ያስተማረኝ› ተብሎ በበሩ ፊት ስሙ የተጠራ ከደኑ ይባረራል።»

ከደኑ መባረር ማለት ወደ ገበሬው ማሳ መሄድ ማለት ነው። ወደ ወጥመዱ መሄድ ማለት ነው። አንጓች ሕጉን ሰማች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አመዱን ሰፌዱ ላይ ነሰነሰች።

በነጋው አንጓችና ትርንጎ ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። ሲመለሱ ሰፌዱ የለም፤ አመዱ መሬት ላይ ፈስሷል።

«ቀበሮ በሌላችሁበት መጥቶ ወሰደው» አለ ሙቀጫው። «ሰፌዱ እየተወሰደ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ‹እኔን ውሰደኝ› አለው፤ ‹ከልጅቱ ራስ ውስጥ ያለውን ግን በምን ታወጣዋለህ?›»

ትርንጎ አለቀሰች። አንጓች አላለቀሰችም። ልጇን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። በመዳፏ አለሰለሰችው። «ቀበሮ ሰፌዱን እንጂ ምድሩን አልወሰደም» አለች። በጭቃው ላይ ያልፉ የነበሩ ወፎች ሁሉ ዱካቸውን እየተዉ ሄዱ፤ ከሰፌዱ ይልቅ ጭቃው ብዙ ፊደል ያዘ።

ሳምንት ሳይሞላ ቀበሮ ሁለት ዘበኛ ዝንጀሮዎች አስከትሎ መጣ። አሁን ተደብቆ አይደለም። «ሙቀጫውን አምጪ» አለ።

አንጓች በሩ ላይ ቆመች። እሾኋን ሁሉ አቆመች፤ ሲንሿሿ ከሩቅ ይሰማል። ዝንጀሮዎቹ ወደ ኋላ አሉ።

ቀበሮ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝንጀሮዎቹ የተሸከሙት ድንጋይ ይታይሻል?» አለ። «የጉድጓድሽን አፍ ይደፍኑታል። ልጅሽ ውስጥ ናት።»

አንጓች እሾኋን አንድ በአንድ አስተኛች። በሕይወቷ እሾኋን ለማንም አስተኝታ አታውቅም ነበር።

«አትዘኚ፣ አንጓች» አለ ሙቀጫው። «ከባድ ነኝ። ወገባቸው እስኪሰበር እከብዳቸዋለሁ እንጂ በቀላሉ አይሸከሙኝም።» እውነቱን ነው። ሁለቱ ዝንጀሮዎች ዝግባው ሥር እስኪደርሱ አራት ጊዜ ወደቁ።

ያን ቀን አንጓች አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ትርንጎ አጠገቧ መጥታ ጉልበቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «እ፣ ማ፣ ዬ። ሦስት ነው። ጉልበትም ሙቀጫ ይሆናል እኮ።» አንጓች ልጇን አየቻት። ከዚያ እሷም በገዛ ጉልበቷ መታች። እየመቱ እየዘፈኑ ምሳቸውን በሉ።

ቀበሮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አንጓች በር ላይ ሆና ጠበቀችው። ቅሏን ይዛለች። «እንካ» አለችው። «በእጄ ነው የምሰጥህ፤ ኋላ ነጠቅኋት እንዳትል።»

ቀበሮ ቅሏን ነቅነቅ አደረገ። ባዶ ናት። «ባቄላውስ?»

«ቆጥረን በላነው» አለች ትርንጎ ከእናቷ ጀርባ። «እኔ ሃያ፣ እማዬ ሃያ ሁለት።»

«ሆድ ውስጥ የገባ ቁጥር በሕጉ ይወረሳል?» አለች አንጓች። «የኔታን ጠይቅና ንገረኝ።»

ቀበሮ ቅሏን ታቅፎ ሄደ። ቅሏ ክንዱ ሥር ሆና እስከ ዝግባው ድረስ ትስቅ ነበር።

እንግዲህ ቤቱ ባዶ ቀረ። ሰፌድ የለ፣ ሙቀጫ የለ፣ ቅል የለ። ትምህርቱ ግን አልቆመም። ሥር ለመቆፈር ሲሄዱ እርምጃቸውን ይቆጥራሉ። ዝናብ ሲይዛቸው ከቅጠል ጫፍ የሚንጠባጠበውን ይቆጥራሉ። ሲደክማቸው ትርንጎ የእናቷን እሾህ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ትቆጥራለች፤ ስትሳሳት እንደገና ከአንገት ትጀምራለች። በመንገድ ላይ እንቆቅልሽ ይባባላሉ።

«እንቆቅልሽ» ትላለች አንጓች።

«ምናውቅልሽ» ትላለች ትርንጎ።

«ሲሄድ ቤቱን ተሸክሞ፣ ሲፈራ ቤቱ ገብቶ።»

«ኤሊ። አሁን እኔ። እንቆቅልሽ።»

«ምናውቅልሽ።»

«ቀበሮ ሊወስደው የማይችል።»

አንጓች ብዙ አሰበች። «አገር ስጪኝ» አለች ትርንጎ፤ አንጓችም ሰጠቻት። «መልሱ ይኸው የምንናገረው ነገር ነው» አለች ልጅቷ። አንጓች ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበርና።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ ጎረቤቷ ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ መጣች። ሚዳቋ ሰባቱንም ጠጠር የገዛች እናት ናት፤ ለዚያ ብላ የበጋውን ማር ሁሉ ገብራለች።

«አንጓች፣ አንድ ነገር ጨነቀኝ» አለች። «ልጄ እስከ ሰባት ይቆጥርና ይቆማል። ‹ከሰባት ቀጥሎስ?› ስለው ‹አለቀ› ይለኛል። ስምንትን ቀበሮ አልሸጠልኝም።»

«ይጫወቱ» አለች አንጓች።

ሚዳቋ ዙሪያዋን ተመለከተች። «ሕጉስ?»

«ሕጉ ማስተማርን ነው የከለከለ። ልጆች ሲጫወቱ አንቺና እኔ ወሬ እናወራለን።»

ግልገሉና ትርንጎ በጭቃው ላይ እየዘለሉ ሲቆጥሩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ግልገሉ አሥራ ሦስት ደርሶ ነበር። ሚዳቋ ደስም አላት፤ ፈራችም። ሳትሰናበት ልጇን ይዛ ሄደች።

ክረምቱ አለፈ። አደይ አበባ ፈነዳ። የደኑ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው በዝግባው ሥር ተሰበሰቡ። የተወረሱት ዕቃዎች ከግንዱ ጎን ተከምረው ነበር፤ ሁሉም እንዲያይና እንዲፈራ ነው። ጉሬዛ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጧል፤ ቀበሮ ከበሩ ቆሟል።

አንጓች ትርንጎን ይዛ መጣች። «ልጄን ይጠይቁልኝ» አለች።

«ጠጠር የላትም» አለ ቀበሮ።

«መልስ አላት» አለች አንጓች።

ሕዝቡ እያየ ነውና ጉሬዛ እምቢ ማለት አልቻለም። ወደ መሬት አመለከተ። ጭቃው ላይ የአንድ አውሬ ዱካ ተከታትሎ አለ። ክብ ነው፤ መዳፉ ወፍራም ነው። ትልልቆቹ ልጆች እንኳ ነብር ነው ብለው የተሳሳቱበት ነው።

ትርንጎ ጎንበስ አለች፤ ረጅም ጊዜ አየች። «ጥፍሩ ይታያል» አለች። «ነብር ጥፍሩን ይደብቃል። ይሄ ጅብ ነው። ደግሞ ያነክሳል፤ አንዱ እግሩ አልጠለቀም።»

ከኋላ በኩል አንድ አንካሳ ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቶቹ ተያዩ።

ጉሬዛ የዝግባ ፍሬ አፈሰና በሰፊው ቅርንጫፍ ላይ በተነ። «ቁጠሪ።»

«አሥራ ሁለት።»

በመዳፉ ጠራርጎ ጥቂቱን ከካባው ሥር ደበቀ። «አሁንስ?»

«ቅርንጫፉ ላይ ስምንት አለ። እርስዎ ጋ አራት አለ፣ የኔታ።»

ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ወረደ። ማንም ከቅርንጫፉ ሲወርድ አይቶት አያውቅም። ፊቱን ወደ ልጅቷ አቀረበና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ጎበዝ ነሽ» አለ። «ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

ጥያቄው ወጥመድ መሆኑ ለሁሉም ገባው። «እናቴ» ካለች እናቷ ትባረራለች። «ማንም» ካለች ዋሽታለችና ከበሩ አትገባም።

ትርንጎ ወደ እናቷ ዞረች። አንጓች ከደኑ ማዶ ያለውን ማሳ አሰበች። ባሏ የቀረበትን ቦታ አሰበች። ቢሆንም ቀና አለች።

«ልጄ፣ ክረምቱን ሁሉ ስናስተምርሽ መዋሸት አላስተማርንሽም» አለች። «እውነቱን ንገሪው።»

«እናቴ ናት» አለች ትርንጎ። «ሰፌዱም ነው። ሙቀጫውም ነው። ቅሏም ናት። ጭቃውም፣ ዝናቡም። ብዙ ናቸው፣ የኔታ።»

«ሰማችሁ» አለ ጉሬዛ። «አንጓች ጃርት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደኑ ትወጫለሽ።»

«እወጣለሁ» አለች አንጓች። «ልጄ ግን ሦስቱንም ጥያቄ መልሳለች። እሷ ትገባለች። እሷ ስትገባ ሳላይ ደግሞ ከዚህች መሬት አንድ እርምጃ አልነቃነቅም። የሚነቀንቀኝ ካለ ይቅረብ።» እሾኋ ሁሉ ቆመ። ዝንጀሮዎቹ ወደ ቀበሮ አዩ፤ ቀበሮ ወደ ዝንጀሮዎቹ አየ፤ የቀረበ የለም።

ያኔ ትርንጎ አፏን ከፈተች። «የኔታ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። እርስዎንስ ማን አስተማረዎት?»

ጉሬዛ ደነገጠ። «እኔ? እኔ የኔታ ነኝ።»

«የኔታ ከመሆንዎ በፊት። እንደኔ ትንሽ ሆነው ሳለ።»

ጉሬዛ ካባውን ያስተካክል ጀመር። በዚህ ጊዜ ከዝግባው ጫፍ፣ ቅጠሉ ከደመና ከሚነካበት፣ የአሮጊት ድምፅ መጣ። እመት ጉሬዛ ናት፤ የየኔታ እናት። አርጅታ ከጫፉ መውረድ ካቆመች ዓመታት አልፈዋል፤ ብዙዎቹ ሞታለች ብለው ነበር።

«ልጅቷ ጠይቃሃለች፤ መልስላት እንጂ» አለች አሮጊቷ። «አፈርክ? እኔ ልመልስልህ? ሾላ ስንበላ አንድ ለእኔ አንድ ለአንተ እያልን ነው መቁጠር የተማርከው። የነብር ዱካ ያሳየሁህ ጀርባዬ ላይ አዝዬህ ነው። አባትህ ሞቶ፣ ቤታችን ጠጠር ይቅርና ደረቅ ቅርንጫፍ አልነበረም። ያን ጊዜ ያባረረኝ የለም። አንተ ልታባርረኝ ነው?»

ጉሬዛ አንገቱን ደፋ።

ከእናቶቹ መካከል ሚዳቋ ብቅ አለች። መጥታ ከአንጓች ጎን ቆመች። «የኔታ፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ልጄን ቤቴ አስተምራለሁ። ቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው። እኔንም ያባሩኝ።»

«እኔም አስተምራለሁ» አለች ቆቅ፤ ጫጩቶቿን እየነዳች መጣች። «ያባሩኝ።»

«እኔም» አለች ጥንቸል። «የእኔ ልጆች ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉንም ያባሩ።»

አንድ በአንድ እየመጡ ቆሙ። ከዝግባው በታች በበሩ በኩል ማንም አልቀረም፤ ሁሉም ወደ አንጓች ተሻግሯል። ጉሬዛ ቀና ብሎ አየ። ሁሉን ካባረረ የሚያስተምረው ዛፉን ነው። ቀበሮ ጠጠሩን ሰብስቦ ሊሄድ ሲል አንካሳው ጅብ መንገዱ ላይ ተኛበት። «ተቀመጥ እንጂ» አለው፤ «ማር የሰጡህ እናቶች ሊያናግሩህ ይፈልጋሉ።»

«ልጅቷ ትግባ» አለ ጉሬዛ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እናቷስ?» አለች አንጓች።

«በቤቷ ትቀመጥ።»

«ዕቃዎቼስ?»

«ይመለሱ።»

«ሕጉስ፣ የኔታ?»

ጉሬዛ ወደ ዛፉ ጫፍ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት አየ። «ሕጉ ቀርቷል» አለ።

አንጓች እጅ አልነሳችም፤ አላመሰገነችም። የራሷን ነገር ነው ያስመለሰችው። ሰፌዱን በራሷ ላይ አደረገች፤ ቅሏን ለትርንጎ ሰጠቻት። ሙቀጫውን ዝንጀሮዎቹ ራሳቸው ተሸክመው ቤቷ አደረሱላት፤ አሁንም አራት ጊዜ ወደቁ ይባላል።

ከመሄዷ በፊት ግን ዞር ብላ፣ «ልጄ ጠዋት ጠዋት የእርስዎ ናት፣ የኔታ» አለች። «የሚያውቁትን አይሰስቱባት። ከሰዓት በኋላ የእኔ ናት። በዚህ አንነጋገርም።»

ጉሬዛም አልተነጋገረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደን ከሰዓት በኋላ ያለፈ መንገደኛ ከየቤቱ የልጅ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ጋ ቅጠል ይቆጠራል፤ አንዱ ጋ ግንድ ይመታል፤ አንዱ ጋ እናት ተሸንፋ አገር ትሰጣለች።

እኔ የሰማሁት ይህን ያህል ነው። የጎደለውን እናንተ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ሙሉበት። ይህን ግን አትርሱ፦ የእውቀት በሩ ብዙ ነው፤ ሁሉንም የሚዘጋ ዘበኛ አልተወለደም።